ሁሉም እዚህ አለ

ሆስፒታሉ ውስጥ «መንትያ» እያሉ ሲጠሯት አዲስ ሰው ይደናገራል። እኅቷ የትኛው ክፍል እንደምትሠራ የሚጠይቁም አሉ። እኅት የላትም፤ ለእናትና ለአባቷ አንድ ልጅ ናት። ስሙን ያወጣላት የመብራት ባለሙያው ጋሽ ፊውዝ ነው። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን ምድር ቤቱን ሲያስጎበኛት፣ በየዕቃው ፊት እየቆመች «የዚህስ መንትያ የት አለ?» ትለዋለች። ቢላት ቢላት አላቆም አለች። በመጨረሻ ሰለቸውና፣ «አንቺ ልጅ፣ አንዷን እናትሽ ሆድ ውስጥ ረስተሻት ነው እንዴ የመጣሽው?» አላት። ከዚያ ወዲያ የመዝገብ ስሟን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ሆነ። ጋሽ ፊውዝም ቢሆን ስሙን ያገኘው በራሱ አፍ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ስልክ አንሥቶ መጀመሪያ የሚለው «ፊውዝ ነው፣ አትደንግጡ» ነበርና።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ይቸግራታል። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከባትሪ ክፍሉ ጎን፣ ሹራብ የሚያስለብስ ቀዝቃዛ ክፍል አለ። እዚያ የተደረደሩት ትልልቅ ሰርቨሮች ጥቂት ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ ግን ብዙ ኮምፒውተሮች ይኖራሉ። እነዚህ የሚዳሰስ አካል የላቸውም። ቨርቹዋል ማሽን ነው የሚባሉት። አንዱ የደም ባንኩን ይይዛል፣ አንዱ የላቦራቶሪውን ውጤት፣ ሌላው መድኃኒት ቤቱን፣ ሌላው የሕሙማኑን ካርድ። አካል ስለሌላቸው ሁለመናቸው ፋይል ነው። ፋይሉ የሚቀመጠው ደግሞ ዲስክ በታጨቀበት፣ ቁም ሣጥን በሚያህል ስቶሬጅ ላይ ነው። እሱ ከተቃጠለ የሆስፒታሉ ትዝታ በሙሉ ተቃጠለ ማለት ነው።

የመንትያ ድርሻ ይህ ቁም ሣጥን ብቻውን እንዳይቀር ማድረግ ነበር። ከወንዙ ማዶ፣ ድሮ የሆስፒታሉ አንሶላ ይታጠብበት በነበረው ሕንፃ ፎቅ ላይ፣ አምሳያውን አስተከለች። እዚህ የተጻፈው ነገር ሁሉ በየጥቂት ደቂቃው በመስመር ወደዚያ ይሻገራል። ይህኛው ቢወድም ማሽኖቹ ማዶ ላይ ነፍስ ይዘራሉ፤ ካርድ የምትከፍተው ነርስ ከየት እንደመጣላት እንኳ አታውቅም። ያ እንዲሆን ግን መለማመድ ያስፈልጋል። በየጊዜው ሁሉም ክፍል ለልምምድ ሲጠራ ሰዉ ይነጫነጫል። «ዛሬም ልንቃጠል ነው?» ይላሉ። እሷ «ዛሬ ብቻ ነው፣ ነገ ትድናላችሁ» ብላ ትስቃለች እንጂ አትለቃቸውም።

ለምን እንዲህ ግትር እንደሆነች ለማንም አልነገረችም። አባቷ ፎቶ አንሺ ነበር። ልጅ ሳለች ከጎረቤት ጫማ ቤት የተነሣ እሳት ፎቶ ቤቱን ሲይዘው፣ አባትየው እጇን ይዞ አወጣት። ማዶ ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው እያዩ ነበር። ከዚያ እጇን ለቀቀው። ኔጋቲቮቹን ሊያወጣ ተመልሶ ገባ፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምረቃ፣ የሞቱ ሰዎች የመጨረሻ ፎቶ። አንድ ካርቶን አቅፎ ወጣ። የአካባቢው ሰው አጨበጨበለት። ሳንባው ግን ከዚያ በኋላ ሳንባ አልሆነም። እስኪሞት ድረስ ለዓመታት ሳለ፤ ደረቅ፣ መጨረሻው ላይ ፉጨት ያለው ሳል። «የሰውን ፎቶ አወጣና ራሱን እዚያው ትቶ መጣ» ትላለች እናቷ፣ እስከ ዛሬ። መንትያ ያን ሳል እየሰማች ነው ያደገችው፣ ያጠናችው፣ ፈተና የተፈተነችው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ መምህር አንድን ነገር በሁለት ቦታ ስለ ማኖር ሲያስተምር፣ ሌላው ተማሪ ሲያዛጋ እሷ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የሰርቪስ ሹፌሩ ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ሠራተኛውን ጠዋት የሚያመጣ፣ ማታ የሚመልስ፣ አንደበቱ የማያርፍ ሹፌር ነበር። ያረፈደውን እየዘለፈ ይጠብቃል እንጂ ጥሎት አይሄድም። ጋሽ ፊውዝ ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥበት አይወድም፤ ዓመታት አብረው ተጨቃጭቀውበታል። አንድ ቀን የሹፌሩ ምላስ ይጎተት ጀመር። ሰዉ ጥርሱን አሞት ነው አለ። ሐኪሞቹ ግን ሰውነቱን ቀስ በቀስ የሚያስር፣ ድምፅን ቀድሞ የሚወስድ በሽታ መሆኑን ነገሩት። የሆስፒታሉ የንግግር ሐኪም ያኔ፣ ድምፁ ሳይጠፋ፣ ትቀዳው ጀመረች። ሲጠፋበት አንድ መሣሪያ በራሱ ድምፅ እንዲናገርለት ነው። «ውኃ ስጪኝ»፣ «በሩን ዝጉት»፣ የልጆቹን ስም፣ የሚስቱን ቁልምጫ፣ «ቀበቶ እሰሩ፣ ወንድሞቼ፣ ይቺ መኪና አልጋ አይደለችም» የሚለውን ሳይቀር ቀዳችለት። ጋሽ ፊውዝ አብሮት እየሄደ ያስቀው ነበር፤ አንዳንዱ ቅጂ ላይ የሁለቱ ሳቅ አለበት።

ሹፌሩ ሞተ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ወደ ንግግር ሐኪሟ ክፍል ትመጣና ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ትሰማለች፣ ትነሣለች፣ ትሄዳለች። ሐኪሟ «ቀድቼ ልስጥሽ፣ ቤትሽ ሆነሽ ስሚው» ብትላት እምቢ አለች። «ቤት ከገባ ሌላ ሥራ አልሠራም። እዚሁ ይቀመጥልኝ» አለቻት።

ሆስፒታሉ ውስጥ እሳት ከመነሣቱ በፊት በነበረው ዓመት የማዶው ስቶሬጅ ሞላ። ሌላ ለመግዛት በጀት የለም ተባለ። የክፍሉ ኃላፊ ስብሰባ ጠራና፣ የትኞቹ ማሽኖች መንትያ ይኑራቸው፣ የትኞቹ ይውጡ የሚለው በደረጃ ይለይ አለ። ደም ባንኩ አንደኛ። ላቦራቶሪው፣ ካርዱ፣ መድኃኒት ቤቱ። እንዲህ እየተባለ ወረደ። የሹፌሩና የሌሎች ሕሙማን ድምፅ የተቀመጠበት የድምፅ ማሽን መጨረሻ ሆነ።

«ይሄማ ሰው አይሞትበትም» አለ ኃላፊው።

«ቢጠፋ ግን መልሰን አናገኘውም» አለች መንትያ። «የሞተ ሰው ድጋሚ አይቀዳም።»

«ታዲያ ደም ባንኩን ላውጣልሽ?»

ደረጃውን እሷም ተስማማችበት፣ ማሽኑንም በገዛ እጇ አዛወረችው። በዚያው ቀዝቃዛ ክፍል ሻንጣ የምታህል አሮጌ ስቶሬጅ ነበረች፤ ይዘቷ ወደ ማዶ የማይሻገር። እዚያ ላይ አኖረችው። የሕሙማን ምስጢር ስለሆነ በሌላ ዲስክ ለመቅዳት ፈቃድ ያስፈልጋል ተባለች። ፈቃድ ጠየቀች። «ይታያል» ተባለ፤ ሲታይ ከረመ።

እሳቱ የተነሣው ጠዋት ነው። መንትያ ማዶ ሕንፃ ላይ ሆና እንደ ልማዷ መስመሩን ስትፈትሽ ስልኳ ጮኸ።

«መንትያ፣ ባትሪ ክፍሉ እየጨሰ ነው» አላት ጋሽ ፊውዝ። «እሳት አደጋ ጠርተናል። ኃላፊሽ ስብሰባ ሄዷል፣ ስልኩን አያነሣም። የእናንተ ክፍል ገና ነው፤ ጭሱ ግን በጣሪያው በኩል እየገባ ነው።»

«እርስዎ የት ነዎት?»

«በሩ ላይ። ማጥፊያ ይዣለሁ።»

ማሳያውን አየችው። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በፊት የተጻፈው ሁሉ ተሻግሮ ደርሷል። ማሽኖቹን እዚህ ማስነሣት ትችላለች፤ የዚያኞቹ ቆመው ከሆነ ብቻ። ሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ ከሠራ ሁለት ደም ባንክ ይፈጠራል፤ አንዱ የሚጽፈውን ሌላው አያውቅም። ከሩቅ ልታቆማቸው ሞከረች። ትእዛዟ አልደረሰም፤ መቆጣጠሪያው ከጭሱ ጋር ሳይጠፋ አልቀረም።

«ጋሼ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ቀዩን ቁልፍ ይጫኑልኝ።»

«ቀዩን? ሰዉ እየሠራበት?»

«ሰዉ እየሠራበት።»

«አንቺ፣ ይሄንን ክፍል ስንት ጊዜ መብራት እንዳይጠፋበት ብዬ አድሬበታለሁ እኮ። በገዛ እጄ?»

«በገዛ እጅዎ። እርስዎ ካላጠፉልኝ እኔ ማስነሣት አልችልም። ሁለቱም ከሠሩ አንዱን ደም ለሁለት ሰው ይሰጡታል። ጋሼ፣ ይመኑኝ።»

ከዚያ ሳለ። ደረቅ ሳል ነው፤ መጨረሻው ላይ ፉጨት አለው። መንትያ ስልኩን ከጆሮዋ ጋር አጣበቀችው።

በማሳያው ላይ የሆስፒታሉ ወገን አንድ ባንድ ቀይ ሆነ። «ተጫንኩት» አላት። እሷም ማሽኖቹ እንዲነሡ አዘዘች። አስቀድማ በወሰነችላቸው ተራ መነሣት ጀመሩ። የይለፍ ቃል የሚያረጋግጠው የመግቢያ ማሽን፣ ደም ባንኩ፣ ላቦራቶሪው። ዓይኗ እነሱ ላይ ነው፤ ጆሮዋ ስልኩ ላይ።

«አሁን ልግባ» አላት።

«የት ነው የሚገቡት?»

«ቁም ሣጥኑን አልነቀንቀውም። ትንሿን ግን ይዣት መውጣት እችላለሁ። እስቲ ንገሪኝ፣ እዚያ ያልመጣ ነገር አለ?»

በደረጃው ስብሰባ ላይ እሱ አልነበረም። የትኛዋ ላይ ምን እንዳለ አያውቅም። እሷ ግን ታውቃለች። እውነቱን ከነገረችው እንደሚገባ፣ ማንም እንደማይመልሰው ታውቃለች።

«የለም ጋሼ» አለችው። «ሁሉም እዚህ አለ።»

«የሹፌሩስ?»

«የሹፌሩም። ሁሉም። ይውጡ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ። ይውጡ አልኩዎት!»

በዕድሜዋ እሱን ስትቆጣ ያ የመጀመሪያዋ ነው። እግሩ ደረጃውን ሲወጣ ሰማችው። ከዚያ የውጪውን የመኪና ድምፅ ሰማች፤ አየር ሲስብም ሰማችው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን ፊቷ ላይ አደረገች።

ብዙም ሳይቆይ የሰርቨር ክፍሉ ጣሪያ ወደቀ። ከሕንፃው ሰዎች የተቃጠለ የለም። በግቢው ሌላ ሕንፃ ካለው ወሊድ ክፍል አንዲት ነርስ ደውላ «ዛሬ ሲስተሙ ትንሽ ቀርፈፍ አላለብሽም?» አለቻት። የዋናው ሕንፃ ምድር ቤት እየነደደ መሆኑን ገና አልሰማችም። በዚያ ሰዓት አንዲት እናት ደም ያስፈልጋት ነበር፤ ደሙ ተመዘገበ፣ ተሰጠ። በሁለቱ ቁም ሣጥኖች መካከል ሳይሻገሩ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። መንትያ ለየክፍሉ እየደወለች «ከመቋረጡ በፊት የጻፋችሁትን እንደገና ጻፉ» አለች። ያን ቀን የተነጫነጨባት ሰው አልነበረም።

ኃላፊው ሪፖርቱን ሲያዘጋጅ «ጠቃሚ መረጃ አልጠፋም» ብሎ ጻፈና እንድትፈርም ሰጣት።

«‹ጠቃሚ› የሚለውን ያውጡት» አለችው።

«ባወጣውማ ‹መረጃ አልጠፋም› ሊል ነው።»

«እሱም ውሸት ነው። የጠፋውን ይጻፉ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሊሸልመን ነው እኮ። ምነው በራስሽ ላይ ውኃ ትቸልሻለሽ?»

አልፈረመችም። ኃላፊው ጥቂት ቀን አኩርፎ ቆየ፤ በኋላ በሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመረ። የድምፅ ማሽኑ ጠፍቷል፣ የሚል። ያኔ ፈረመች።

ለጋሽ ፊውዝ ግን ከሪፖርቱ በፊት፣ በማግሥቱ ነው የነገረችው። ሰርቪሱ ከሚቆምበት ሜዳ ላይ አገኘችውና ሳታድበሰብስ ተናገረች። ትንሿ ስቶሬጅ ላይ የሹፌሩ ድምፅ እንደነበር፣ ማዶ እንዳልነበረ፣ እያወቀች እንደዋሸችው።

«የእሳት አደጋውን አለቃ ጠይቄው ነበር» አላት ጋሽ ፊውዝ። «ሰው ገብቶ ሊወጣ ይችል ነበር ወይ አልኩት። ምናልባት አለኝ።»

«ምናልባት» አለች እሷም።

«ምናልባቱ የኔ ነበር፣ ያንቺ አይደለም። ሕፃን ነኝ? ‹ይሄ አለ፣ ይሄ የለም› ብለሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ልግባ አልግባ የምለው እኔ ነበርኩ።»

«አባቴ እሳት ውስጥ ተመልሶ ገብቶ ነበር» አለች።

«እኔ አባትሽ አይደለሁም» አላት ጋሽ ፊውዝ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ስለዚህ የበለጠ አመማት። ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ዞር አለ። «ለእሷ ግን ብቻሽን አትነግሪያትም። አብሬሽ እመጣለሁ።»

የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጠባብ ናት። በር ላይ የተንጠለጠሉትን የሰው ኮቶች ገለል አድርገው ገቡ። ሴትዮዋ ሱሪ እያሳጠረች ነበር። ጋሽ ፊውዝን ስታይ ፈገግ አለች፤ ፊቱን ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። ሊናገር ጀመረና ወደ መንትያ ዞረ። መንትያ ቀጠለች። የነበረውን ሁሉ፣ ስብሰባውን፣ ደረጃውን፣ የስልኩን ውሸት ሳይቀር ነገረቻት።

የስፌት መኪናው ፔዳል ቆመ። ሴትዮዋ በጣቷ የሱሪውን ስፌት ደጋግማ ዳሰሰች።

«ሰው ተጎዳ?»

«የተጎዳ የለም፣ እትዬ።»

ወደ ጋሽ ፊውዝ ዞረች። «ብታውቅ ትገባ ነበር?»

«እገባ ነበር።»

«አውቃለሁ፤ ትገባ ነበር። እዚያው ብትቀርስ? ያን ድምፅ በየትኛው ጆሮዬ ልሰማው ነበር? ‹ቀበቶ እሰሩ› ባለ ቁጥር አንተ ልትታየኝ ነበር እኮ!» እንባዋ በሱሪው ላይ ወረደ፤ የደንበኛ ዕቃ መሆኑ ትዝ ሲላት በክንዷ አበሰችው። ጋሽ ፊውዝ ወደ ግድግዳው ዞረ።

መንትያ ይቅርታ ያገኘች መሰላት። ሴትዮዋ ግን አልጨረሰችም።

«አንቺን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እሱን መጨረሻ ላይ ስታስቀምጡት ማንን ጠየቃችሁ?»

«ማንንም።»

«እኔን ብትጠይቁኝ ደም ይቅደም እል ነበር» አለች ሴትዮዋ። «ያቺ ደም የተሰጣት እናትም የሰው ልጅ ናት። ግን ያኔ ድምፁን ቤቴ እወስደው ነበር። እዚያው ይቀመጥልኝ ስል የሚጠበቅ መስሎኝ ነው። በሉ አሁን ሂዱልኝ። ለጥቂት ጊዜ አትምጡብኝ፣ አንተም ብትሆን።»

መንትያ ያን ጥያቄ ተሸክማው ወጣች። ይቅርታው ያቀለለላትን ያህል ጥያቄው ከበዳት። በቀጣዩ የበጀት ስብሰባ ላይ፣ ማንኛውም ማሽን ከመንትያው ሲለይ ባለቤቱ፣ ባለቤቱ ከሌለም የሚፈልገው ሰው፣ እዚያው ተቀምጦ ይስማ አለች። ኃላፊው «ሆስፒታል ነው ወይስ ዕድር?» ብሎ አላገጠ። የንግግር ሐኪሟ ግን ከጎኗ ቆመች፤ የደም ባንኩ ኃላፊም ሳይጠበቅ ደገፋት፤ ሐሳቡ አለፈ። ሰፋ ያለ ስቶሬጅ ማዶ ላይ ተተከለ። ሐኪሟ በሕይወት ያሉትን ሕሙማን ከተረፈላቸው ድምፅ ላይ እንደገና ቀዳች። ከእነሱ የአንዳንዱ ድምፅ በመሐሉ ሄዶ ነበር። ለነዚያ ምንም አልተገኘላቸውም።

ልብስ ሰፊዋ ጋሽ ፊውዝን ከወራት በኋላ አስጠራችው፤ አሁን ኮቱን እሷ ናት የምትጠግንለት። መንትያን አላስጠራቻትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትላታለች፤ ከዚያ አታልፍም። መንትያም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። ለእናቷ ብቻ አንድ ቀን ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አጫወተቻት። እናቷ ሰምታ ስትጨርስ «አባትሽ እንዲህ የሚዋሸው ሰው ቢያገኝ ኖሮ» አለች፣ ከዚያ ደግሞ ራሷን ነቅንቃ «ግን የዋሸሁት እኔ ብሆን በሕይወት ዘመኑ ይቅር አይለኝም ነበር» አለች።

ጋሽ ፊውዝ ጡረታ ወጣ። ከከተማው ዳር፣ ልጁ ዘንድ ነው የሚኖረው። አሁንም ሙቀቱ ሲበረታ ይደውላል።

«መንትያ፣ የአዲሱ ባትሪ ክፍል አየር መሳቢያ ይሠራል?»

«ይሠራል ጋሼ።»

«በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«ጠዋት አይቼዋለሁ።»

«አሁን ሂጂና እይው። ስልኩን አትዝጊው፣ እጠብቃለሁ።»

አትከራከረውም። ስልኩን እንደከፈተች ኮሪደሩን ታቋርጣለች፣ ደረጃውን ትወርዳለች፣ የባትሪ ክፍሉን በር ትከፍታለች፤ ከዚያ የመሳቢያውን ድምፅ እንዲሰማው ስልኩን ከፍ አድርጋ ትይዝለታለች።